በአርክቲክ የወጣቶች ጉዞ፣ መሪው ማን ነው? ሐኪሙስ?

ወጣቶችን ለሳይንስ ጥናት ወደ አርክቲክ በሚወስዱ ጉዞዎች "መሪ" የሚባለው አንድ ሰው ብቻ አይደለም። ዋናው መሪ መንገዱንና ደኅንነቱን ይይዛል። የሳይንስ መሪዎች ጥናቱን ይመራሉ። ሐኪሙ ደግሞ ለወጉ ያህል የተጨመረ አይደለም። ወጣቶችን ለእንዲህ ዓይነት ጉዞ የሚወስደውን የብሪታንያ ድርጅት፣ ብሪቲሽ ኤክስፕሎሪንግ ሶሳይቲን፣ በ1932 እ.ኤ.አ. የመሠረተው ጆርጅ መሬይ ሌቪክ ራሱ ሐኪም ነበር።

ሰውን ግራ የሚያጋባው የብርዱ ሕግ ነው። የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ አደጋው ይጀምራል። በጣም ሲወርድ ልብ ምት ይጠፋል፣ ትንፋሽም አይሰማም። ታዲያ ሰውየው ሞቷል? ቶሎ እንዲህ አይባልም! ከባድ ሌላ ጉዳት ከሌለ፣ ሐኪሞች ሰውነቱ እስኪሞቅ ድረስ ተስፋ አይቆርጡም። ምክንያቱም የቀዘቀዘ አንጎል የሚፈልገው ኦክስጅን ጥቂት ነው።

በ1999 እ.ኤ.አ. ሰሜን ኖርዌይ ውስጥ አና ቦገንሆልም የተባለች ስዊድናዊት ሐኪም በረዶ ሥር ተቀርቅራ ሙቀቷ 13.7 ዲግሪ ደርሶ ነበር። ትሮምሶ ሆስፒታል አዳናት። ግን ልብ በሉ፤ ያዳናት ደሟን የሚያሞቅ ማሽን ነው፣ እሱ ደግሞ ድንኳን ውስጥ የለም። ስለዚህ የጉዞው ሐኪም ዋና ሥራ እርጥብ ካልሲ መቆጣጠር፣ የመሪው ደግሞ ሄሊኮፕተር በጊዜ መጥራት ነው።