ቅርጽን በጨዋታ ማስተማር፦ በጎንደር ቤቶች

ሕፃናት ስለ ቅርጽ መማር የሚጀምሩት ኬጂ ሳይገቡ ነው። ሰፌድ ሲያሽከረክሩ፣ የክብሪት ሳጥን ሲደራርቡ፣ ሲኒን ከሲኒ ላይ ሲያስቀምጡ ትምህርቱ ተጀምሯል። ከወላጅ የሚጠበቀው ወሬ መጨመር ነው። «ይሄ ለምን ይንከባለላል? ያኛውስ ለምን እምቢ አለ?» የሚል ጥያቄ የቅርጾችን ስም ከማስሸምደድ የበለጠ ይሠራል።

ልጅ ቅርጽን መለየት የሚችለው ከመሳሉ ቀድሞ ነው። አብዛኞቹ ልጆች ክብን አይተው መገልበጥ የሚችሉት በ3 ዓመት አካባቢ ነው፤ ካሬን በ4፣ ሦስት ማዕዘንን በ5 ገደማ። ስለዚህ የ3 ዓመት ልጅ ካሬ ሳል ተብሎ ድንች የመሰለ ነገር ቢያመጣ የሚያሳስብ አይደለም።

ቅርጽን በእጅ እያስነኩ ማስተማር የቆየ ሐሳብ ነው። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሬበል እ.ኤ.አ. በ1837 የሕፃናት ማቆያ ከፍቶ በእንጨት ኳስ፣ ሲሊንደርና ኩብ ያጫውት ነበር። ማሪያ ሞንቴሶሪም እ.ኤ.አ. በ1907 ሮም ውስጥ በከፈተችው የልጆች ቤት ተመሳሳይ መንገድ ተከተለች። ዛሬ ይህ ሐሳብ በየሱቁ በፕላስቲክ ተሠርቶ ይሸጣል። መግዛት ክፉ አይደለም፤ ጎንደር ላይ ግን ጓዳው ራሱ ይበቃል።

ስፌቱን እንውሰድ። ሰፌድ የሚሰፋው ከመሀል ተጀምሮ ነው። ስንደዶው በአክርማ እየተጠቀለለ፣ በወስፌ እየተወጋ፣ ዙሪያውን ይዞራል። እናት ወይም አያት ስትሰፋ አጠገቧ የተቀመጠ ልጅ ክብ ከአንዲት ነጥብ ተነስቶ ሲሰፋ ያያል። አለላው ሲገባ ደግሞ በክቡ ውስጥ ሦስት ማዕዘኖችና ሰያፍ የቆሙ ካሬዎች ይወጣሉ። «ቀዩን ስንት ቦታ አገኘኸው?» ማለት ብቻ ግማሽ ሰዓት ያጫውታል።

መሶቡማ የበለጠ ነው። ሾጣጣ ክዳኑን ከላይ ቁልቁል ሲያዩት ክብ ነው፤ ከጎን ሲያዩት ሦስት ማዕዘን። ልጁን አንዴ ወንበር ላይ አቁሞ፣ አንዴ መሬት ላይ አስቀምጦ ያየውን ማስሳል ነው። አንድ ዕቃ ሁለት መልክ እንዳለው ሲገባው ያስቀዋል። በክብሪት ሳጥንም እንዲሁ ይደረጋል። ሳጥኑን ወረቀት ላይ አስቀምጦ ዙሪያውን በእርሳስ መከተል፤ ከዚያ በጎኑ፣ ከዚያም በጫፉ አቁሞ መድገም። ከአንድ ሳጥን መጠናቸው የተለያየ ሦስት ባለ አራት ማዕዘን ቅርጾች ይወጣሉ። ሲኒ ተደፍቶ ሲከበብ ደግሞ ክብ ይሰጣል።

እንጀራ በጣም ምቹ ነው። ሙሉው ክብ፣ ሲታጠፍ ግማሽ ክብ፣ ደግሞ ሲታጠፍ ሩብ። ከመብላት በፊት አንድ ጥያቄ ይበቃል፤ ልጁ ርቦታል።

ችግሩ ሦስት ማዕዘን ላይ ነው። ቤታችን ክብ ሞልቶታል፤ ሦስት ማዕዘን ግን ከሳምቡሳና ከስፌት ጌጥ ብዙም አያልፍም። ሥዕል ላይ የሚታየውም ሁልጊዜ ጫፉ ወደ ላይ፣ ጎኖቹ እኩል የሆነው ነው። ሕፃናት ቅርጽን የሚለዩት በጥቅል መልኩ ስለሆነ ቀጭኑን ወይም የተገለበጠውን «ይሄ ሦስት ማዕዘን አይደለም» ይላሉ። መድኃኒቱ ማዟዟር ነው። ሳምቡሳዋን ሰሃን ላይ እያዞሩ «አሁንስ? ጎኗን ቁጠር» ማለት። ከጭራሮ ረጅምና አጭር ሰብሮ የተለያዩ ሦስት ማዕዘኖች መገጣጠምም ያግዛል።

እዚህ ላይ ፊደል የሚቆጥር ልጅ ሊደናገር ይችላል። ሦስት ማዕዘን ቢገለበጥም ያው ነው፤ ሠ ግን ሲገለበጥ ጠን ይመስላል። ሁለቱን ጎን ለጎን ጽፎ ማሳየትና ልዩነቱን በግልጽ መናገር ጥሩ ነው።

ሰፈር ውስጥ ሰኞ ማክሰኞ አለ፤ በከሰል ወይም በጠመኔ የሚሰመሩ አራት ማዕዘኖች ላይ ይዘለላል። መሀረቤን ያያችሁ ደግሞ ተቀምጦ ክብ መሥራትን ይፈልጋል። ሊጥ ወይም ጭቃ ማድቦልቦልም ልጆች የሚወዱት ነው። ከከተማው ወጣ ብላ ወደ ስሜን በሚወስደው መንገድ ዳር ያለችው ወለቃ በሸክላ ሥራዋ የታወቀች ናት፤ ሸክላ ሲሠራ ማየት ለልጅ ጥሩ ሽርሽር ነው።

ከተማው ራሱ የሚያሳየው አለው። ፋሲል ግቢ ውስጥ የአፄ ፋሲል ግንብ በየማዕዘኑ ጉልላት የደፉ ክብ ማማዎች አሉት። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ደግሞ አራት ማዕዘን ነው፤ በየገጠሩ የምናየው ቤተ ክርስቲያን ግን ብዙ ጊዜ ክብ ነው። «የትኛው ጥግ አለው?» ብሎ ማወዳደር ይቻላል።

ጥንቃቄም አለ። ብይና ቆርኪ ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም፤ ይታነቅበታል። ምጣድም በጨዋታው የሚገባው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ልጁ ከሰለቸው ደግሞ ያኔውኑ ይተው፤ ነገ ሳምቡሳ ሲጠበስ ራሱ ያነሳዋል።