«ስሙ ካለበት ሳታየው ግዛ» እና ሌሎች የሌቨር አክሽን ጠመንጃ ገዢዎች ስህተቶች

«ማርሊን ከሆነ ዓይንህን ጨፍነህ ግዛ።» «ዊንቸስተር ነው እኮ! ምኑ ይታያል?» ዴንቨር ውስጥ ጠመንጃ መሸጫ ሱቅ ነው የምሠራው። የአጋዘን አደን ወቅት ሲቃረብ ያገሬ ልጆች ይመጣሉ፤ ይህን ሳልሰማ የምውልበት ቀን የለም። ሰልችቶኛል። ከሺህ ዶላር በላይ አውጥተው የሚበሳጩት እነሱ ስለሆኑ ደግሞ ዝም ብዬ ማየት አልችልም።

ለማያውቀው ሰው፣ ማርሊንና ዊንቸስተር የታወቁ የአሜሪካ ጠመንጃ ስሞች ናቸው፤ ሌቨር አክሽን የሚባለው ከቃታው ሥር ያለውን እጀታ ወደ ታች ገፍቶ በመመለስ የሚቀባበለው ጠመንጃ ነው። ያቺ አንድ እንቅስቃሴ የተተኮሰውን ቀለህ ታወጣለች፣ መዶሻውን ወደ ኋላ ትስባለች፣ አዲስ ጥይት ታጎርሳለች። ይህን ሁሉ የሚሠሩት ብዙ ትናንሽ ብረቶች ናቸው። ተራቸውን ጠብቀው፣ ሳይነካኩ ማለፍ አለባቸው። ስለዚህ ከቦልት አክሽን (መቆለፊያውን በእጅ ወደ ኋላ ስቦ በመመለስ ከሚቀባበለው) ይልቅ በገጣጣሚው እጅ ላይ ይመካል። አዲስ ጠመንጃ ላይ የማየው አብዛኛው ጉድለትም የመጨረሻው ገጠማና ማለስለስ ጉድለት ነው።

አሁን ወደ ስሙ ልምጣ። ስም ይሸጣል፣ ይገዛል። ጆን ማርሊን እ.ኤ.አ. በ1870 ኒው ሄቨን፣ ኮነቲከት ሥራ ጀመረ። ኩባንያው እዚያው አካባቢ ኖሮ በ2007 መጨረሻ ሬሚንግተን የተባለው ሌላ ጠመንጃ አምራች ገዛው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የኖርዝ ሄቨን ፋብሪካ ተዘጋና ሥራው ወደ ኢሊየን፣ ኒው ዮርክ ተዛወረ። ዕድሜያቸውን ሙሉ እነዚያን ጠመንጃዎች ሲገጥሙ የኖሩት ባለሙያዎች አብዛኞቹ አብረው አልሄዱም። ውጤቱ ወዲያው ታየ። ማነጣጠሪያቸው ያዘነበለ፣ እንጨታቸው ከብረቱ ጋር ያልገጠመ፣ ሲቀባበሉ የሚይዙ ጠመንጃዎች ገበያ ላይ ወጡ። አሜሪካኖቹ ራሳቸው «ሬምሊን» ብለው ስም አወጡላቸው። በኋለኞቹ ዓመታት ተሻሽለው ነበር፤ ግን ሬሚንግተን በ2020 ከሰረ። ሩገር የተባለው ጠመንጃ አምራች የማርሊንን ስም ወደ 30 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ገንዘብ ገዝቶ በ2021 መጨረሻ ከሜዮዳን፣ ኖርዝ ካሮላይና አዲስ ምርት አወጣ። እኔ ያየኋቸው የሩገር ማርሊኖች በደንብ የተሠሩ ናቸው።

እንግዲህ «ማርሊን ግዛ» ሲባል የትኛው ማርሊን ነው? በርሜሉ ላይ «ጄኤም» የሚል ማኅተም ያለበት የድሮው የኮነቲከት ነው። መለያ ቁጥሩ በ«አርኤም» የሚጀምረው የሩገር ነው። ሦስት ፋብሪካ፣ ሦስት ዓይነት ጥራት፣ አንድ ስም።

ዊንቸስተርም እንዲሁ ነው። ጆን ብራውኒንግ የነደፈው ሞዴል 94 በ1964 ወጪ ለመቀነስ ተብሎ ተለወጠ። ድፍን የነበሩት ፒኖች ባዶ ጥቅል ሆኑ፣ ጥይቱን የሚያነሳው ክፍል ከቆርቆሮ ተጨፈለቀ፣ የመካከለኛው አካል ብረት ተለውጦ ጥቁር ሰማያዊው ቀለም እንደ ድሮው አልይዝ አለ። ዛሬም ድረስ ከ1964 በፊት የተሠራ ለማግኘት ሰው ተጨማሪ ገንዘብ ይከፍላል። የኒው ሄቨኑ ፋብሪካ በ2006 ተዘጋ። አሁን አዲስ የሚሸጠውን ዊንቸስተር ሌቨር የሚሠራው ጃፓን ያለው ሚሮኩ ነው።

ሄንሪስ? የ1860ው የቤንጃሚን ታይለር ሄንሪ ጠመንጃ ፋብሪካ የቀጠለ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይደለም። የዛሬው ሄንሪ በ1990ዎቹ ብሩክሊን ውስጥ የተቋቋመ ሌላ ኩባንያ ነው። ጥሩ ጠመንጃ ይሠራል፤ ከድሮው የወረሰው ግን ስሙን ብቻ ነው።

አንድ ደንበኛዬ እንዲህ በስም ብቻ ከሌላ ቦታ በስልክ አዝዞ ገዛ። የታወቀ ስም ነው፤ የትኛው እንደሆነ አልናገርም። መቶ ያርድ ላይ ጥይቱ ወደ ግራ ይሄድበታል። ጥፋቱ የራሱ መስሎት ካርቶን በካርቶን ላይ ጥይት ጨረሰ። የኋላውን ማነጣጠሪያ ወደ ቀኝ እስከ ጫፉ ገፍቶታል፤ አሁንም ግራ ነው። ጠመንጃውን ተቀብዬ ከኋላ አየሁት። በርሜሉ ሲጠብቅ ልኩ ላይ ሳይደርስ ቆሟል፤ የፊት ማነጣጠሪያው ወደ ቀኝ ዘምሟል። ባንኮኒ ላይ ቢያየው ኖሮ ለማወቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም ነበር።

ስለዚህ እዩት። መጀመሪያ ሻጩ ከፍቶ ባዶ መሆኑን ያሳያችሁ፤ በራሳችሁም ዓይን አረጋግጡ። አፈሙዙን ወደ ማንም አታዙሩ። ከዚያ ከሰደፉ በኩል ሆናችሁ በርሜሉን ተከትላችሁ ተመልከቱ። የፊት ማነጣጠሪያው ቀጥ ብሎ ቆሟል? የኋላው መሃሉ ላይ ነው? ከበርሜሉ ሥር ያለው የጥይት ቱቦ ወደ አንድ ጎን አላጋደለም? እንጨቱ ከብረቱ ጋር የሚገናኝበትን ዙሪያውን እዩ። በአንድ ጎን ወረቀት የሚያስገባ ክፍተት ኖሮ በሌላው ከሌለ፣ ገጣጣሚው ቸኩሏል ማለት ነው። የብሎኖቹን ራስ እዩ። ከፋብሪካ ተላልጦ የመጣ ብሎን ስለ ቀረው ሥራም ይናገራል። ጥይት የሚጎረስበትን የጎን በር በጣታችሁ ተጫኑት። ጠርዙ ጣት የሚቆርጥ ከሆነ ማንም አላለሰለሰውም። በመጨረሻ ሻጩ በርሜሉን በጨርቅ እንዲጠርግላችሁ ጠይቁና በብርሃን ውስጡን እዩ። አዲስ ጠመንጃ የመጋዘን ቅባት ስለሚኖረው ሳይጠረግ ዝገትና ቅባት አይለይም።

«ሲቀባበል ጠነከረብኝ፣ የማይረባ ነው» የሚሉም አሉ። እዚህ ላይ መለየት ያስፈልጋል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል የሚጠነክር ከሆነ አዲስነት ነው፤ ብረት ከብረት ሲፋተግ ከጥቂት መቶ ማቀባበል በኋላ ይለሰልሳል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚይዝ፣ አስገድዳችሁ ስታሳልፉት ቀጭ የሚል ከሆነ ግን ያ ጉድለት ነው። በተቃራኒው ሱቅ ውስጥ እንደ ቅቤ የሚንሸራተትም ጥይት ሲገባበት ሌላ ጠባይ ሊያሳይ ይችላል። ባሩድ የሌለው መለማመጃ ጥይት ካላቸው በዚያ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። እናንተም እጀታውን እስከ መጨረሻው ግፉ፣ እስከ መጨረሻው መልሱ። እየፈሩ በግማሽ የሚያቀባብሉ ሰዎች ራሳቸው አጣብቀውት ጠመንጃውን ይረግማሉ።

«ከአሜሪካ ውጭ የተሠራ አይረባም።» ሚሮኩ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ብራውኒንግ ለተባለው ኩባንያ የሚሠራ ፋብሪካ ነው። የገጠማቸውን ብረትና እንጨት አንዴ እጃችሁ ላይ ያዙና ከዚያ እንነጋገር።

«ወርቃማ ከሆነ ነሐስ ነው።» ሁሌ አይደለም። የሄንሪ ቢግ ቦይ ወርቃማው ሞዴል ድፍን ነሐስ (ብራስ) ነው። ባለ 22ቱ ጎልደን ቦይ ግን ላዩ ቀለም የተሰጠው ሽፋን ነው። ለ22 ጥይት ይበቃዋል፤ ብቻ የምትገዙትን እወቁ።

«በእጅ የተሠራ ከማሽን ይሻላል።» የዛሬ ኮምፒውተር የሚመራው ማሽን ልክ ይጠብቃል። የሚጎድለው ከማሽኑ በኋላ ያለው የሰው እጅ ነው።

«አንዳንድ ጥይት አይጎርስም፣ ተበላሽቷል።» መጀመሪያ ጥይቱን ቀይሩ። ለ357 ማግነም በተሠራ ጠመንጃ ውስጥ አፉ ጠፍጣፋ የሆነ አጭር 38 ጥይት ቢያስቸግር አይገርምም።

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ የመጨረሻው ነው፤ «ካልተመቸኝ እመልሳለሁ» የሚለው። አሜሪካ ቴሌቪዥን ይመለሳል፣ ጫማ ይመለሳል። ጠመንጃ ግን ከሱቅ ስትገዙ የሚሞላውን የፌዴራል ቅጽ 4473 ሞልታችሁ፣ የገዢው ታሪክ ማጣራት አልፎ ከሱቁ ከወጣ በኋላ ያገለገለ ዕቃ ነው። አብዛኞቹ ሱቆች አይቀበሉም። ዋስትናው ያለው ከአምራቹ ዘንድ ነው። ሄንሪን የመሰለ ዕድሜ ልክ ዋስትና የሚሰጥ አለ፤ ቢሆንም ጠመንጃው ሲላክና ሲመለስ የአደኑ ወቅት ያልፋል። ስለዚህ ምርመራው ከፊርማው በፊት ይሁን። ያያችሁት ካልጣማችሁ ከመጋዘን ሌላ ተመሳሳይ እንዲያወጡላችሁ ጠይቁ፤ ማፈር አያስፈልግም፣ እኔ ራሴ ሳልጠየቅ የማወጣበት ጊዜ አለ። ጉድለቱን ቤት ከገባችሁ በኋላ ካያችሁት ደግሞ በራሳችሁ አትፍቱት፣ አትሞርዱት። ፎቶ አንሱ፣ መለያ ቁጥሩን ጻፉ፣ ለአምራቹ በጽሑፍ ላኩ። መላኪያውን ማን እንደሚከፍል ጠመንጃውን ከማሸጋችሁ በፊት ጠይቁ።