ብፅዕና ምንድን ነው?

ባለፈው ደሴ የአንድ ዘመዴ የቤት ምርቃት ነበር። ባለ ሦስት ፎቅ ነው፤ ምድር ቤቱ ለሱቅ ይከራያል። ጠላው ሞቅ ሲያደርግ አንዱ ብድግ አለና «ብፁዕ ሰው ማለት እንግዲህ ይሄ ነው!» አለ። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ቃሉ ግን ሲከነክነኝ ዋለ።

ብፁዕ የግእዝ ቃል ነው። ዳዊት የደገመ ሰው ያውቀዋል፤ የመጀመሪያው መዝሙር የሚከፈተው በሱ ነው፦ «ብፁዕ ብእሲ ዘኢሖረ በምክረ ረሲዓን»። አማርኛው እዚህ ጋ «ምስጉን» ይላል፤ ማቴዎስ 5 ላይ ሲደርስ ግን ግእዙን እንዳለ ይወስደዋል፦ «በመንፈስ ድሆች የሆኑ ብፁዓን ናቸው፥ መንግሥተ ሰማያት የእነርሱ ናትና።» አንቀጸ ብፁዓን የምንለው ይሄን ክፍል ነው። ዛሬ ቃሉን አብዝተን የምንሰማው «ብፁዕ አቡነ» ሲባል ስለሆነ ይመስለኛል ብዙው ሰው ከከፍታና ከወንበር ጋር የሚያያይዘው።

እስቲ ከኛ ምርቃት ጋር አስተያዩት። የኛ ሽማግሌዎች እጃቸውን ዘርግተው «ሀብት ይስጥህ፣ ልጅ ይስጥህ፣ ዕድሜ ይስጥህ» ይላሉ፤ እኛም አሜን እንላለን። ደስ ይላል፣ ምንም ክፋት የለበትም። ጌታ ተራራው ላይ ሲናገር ግን ድሆች፣ የሚያዝኑ፣ የሚራቡና የሚጠሙ፣ የሚሰደዱ እያለ ነው የሚቆጥረው፤ በኛ ቤት ይሄን እየዘረዘረ የሚመርቅ ሽማግሌ ቢነሣ ሰው ተራገምክ ብሎ ያስቀምጠዋል። ደግሞ «ይሁኑ» አላለም። «ናቸው» ነው ያለው። ምርቃት ገና የሚመጣውን ይለምናል፤ ይሄኛው ሰውየው አሁን በእግዚአብሔር ፊት ያለበትን ይናገራል። ብፅዕና ማለት እሱ ነው፤ ሰፈሩ አየውም አላየውም።

«በመንፈስ ድሃ» ሲባል ወኔ ቢስ ማለት አይደለም። እጄ ላይ ያለው አያድነኝም ብሎ ያወቀ ሰው ነው። አብርሃም ከብቱም ብሩም ወርቁም ብዙ ነበር፣ ኢዮብም እንደዚያው፤ ስለዚህ የዘመዴ ፎቅ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ቢሆንም ሉቃስ 6 ላይ «እናንተ ባለ ጠጎች ግን ወዮላችሁ፥ መጽናናታችሁን ተቀብላችኋልና» የሚል አለ፤ እሱን አለሳልሶ ማለፍ አይቻልም።

ችግር ራሱ ጽድቅ ነው የሚሉትን ደግሞ አልወድም። የ1965-66ቱንና የ1977ቱን ረሃብ ያየ ወሎ ላይ ቆሞ «ድህነት በረከት ነው» ብሎ መስበክ ነውር ነው። ክርስቶስ የተራበውን ያበላ እንጂ መራብህ ጥሩ ነው ብሎ አልሸኘም።

ግሸንን አስቡ። ዛሬ ሰው ግማደ መስቀሉን ብሎ አምባሰል ድረስ የሚሄድበት ያ አምባ፣ በመካከለኛው ዘመን የነገሥታት ልጆች የሚታሰሩበት ነበር። ዙፋን ይሻማሉ ተብሎ ተፈርቶ ነው። የንጉሥ ደም አላቸው፣ ማዕረግ አላቸው፣ መውረድ ግን አይችሉም። አሁን መስከረም 21 ሲመጣ በዚያው አቀበት ነጠላዋን አጣፍታ፣ በሶዋን ቋጥራ የምትወጣው እናት ማንም አላስገደዳትም።

ዘንድሮ ዘመዴም አብሬህ ልውጣ ብሎኛል። ለጊዜው ያስጨነቀው መኪናውን የት እንደሚያቆም ነው።