ቃል የሚሰማበት ዙፋን

በክርስቶስ የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛላችሁ።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ949 ዓ.ም. ሊውትፕራንድ የተባለ ጣሊያናዊ መልእክተኛ ቁስጥንጥንያ ገባ። ንጉሠ ነገሥቱ ቆስጠንጢኖስ 7ኛ የተቀበለው ማግናውራ በሚባለው የቤተ መንግሥቱ አዳራሽ ነው። ያየውን ራሱ ጽፎ ትቶልናል። ከዙፋኑ ፊት በወርቅ የተለበጠ የነሐስ ዛፍ ቆሟል፤ በቅርንጫፎቹ ላይ ያሉት ወፎች እንደየወገናቸው ይዘምራሉ። ዙፋኑን የሚጠብቁት አንበሶች በጅራታቸው መሬት እየመቱ ያገሣሉ። መልእክተኛው ሦስት ጊዜ ሰግዶ ቀና ሲል፣ ቅድም ከፊቱ የነበረው ንጉሥ ልብሱን ለውጦ ከጣሪያው ሥር ተቀምጧል!

ይህን ዙፋን "የሰሎሞን ዙፋን" ይሉት ነበር። በ1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 10 ላይ ስድስት እርከንና በእርከኖቹ ላይ አሥራ ሁለት አንበሶች እናነባለን፤ ስለ ማግሣታቸው ግን አንድም ቃል የለም።

ሊውትፕራንድ አልደነገጠም። የሚያውቁ ሰዎችን አስቀድሞ ጠይቆ ነበርና። ይህን ባሰብሁ ቁጥር ልቤ ወደ ኢሳይያስ ይሄዳል። ነቢዩ ንጉሡ ዖዝያን በሞተበት ዓመት እግዚአብሔርን በረጅምና ከፍ ባለ ዙፋን ተቀምጦ አየው። በዚያ ፊታቸውን በክንፋቸው የሸፈኑት ሱራፌል እንግዶች አይደሉም፤ ዘወትር በመንበሩ ዙሪያ የሚቆሙ ናቸው። የነሐሱ አንበሳ አሠራሩን ለጠየቀ ሰው ማስፈራቱን ያቆማል። እግዚአብሔርን ግን ይበልጥ የቀረበው ይበልጥ ይፈራዋል።

ሌላም ነገር አለ። ንጉሡ ከዚያ ከፍታ ለእንግዳው አንድም ቃል አልተናገረውም፤ ርቀቱ አይፈቅድም ነበር። ስለ ጌታው ደኅንነት የጠየቀው ከሹማምንቱ አንዱ ነው።

ከዚያ አምስት መቶ ዓመት ያህል ቀድሞ፣ በ431 ዓ.ም. አባቶቻችን በኤፌሶን ሲሰበሰቡ፣ በጉባኤው መካከልም ዙፋን ነበረ። ቅዱስ ቄርሎስ እንደመሰከረው፣ በዙፋኑ ላይ የተቀመጠው ቅዱስ ወንጌል ነው፤ የጉባኤው ራስ ክርስቶስ ነውና። በዚያ ዙፋን ላይ የሚያገሣ አንበሳ የለም፣ ወደ ጣሪያ የሚያነሣ መሣሪያም የለም። የሚናገር ቃል ግን አለ፤ ያውም በመካከላቸው፣ እጅ በሚደርስበት ቅርበት።

በቅዳሴ ዲያቆኑ "ቁሙ ወአጽምዑ ወንጌለ ቅዱስ" ሲለን የምንቆመው በዚያው ንጉሥ ፊት ነው።