«ዘጠና ስጠኝ»፦ በፒክአፕ ዲፈረንሻል ዘይት ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች እና እውነታው

ሶማሌ ተራ፣ ዘይት የሚሸጥበት ሱቅ በር ላይ ጥቂት የቆመ ሰው ይህን ይሰማል። «ዘጠና አለ?» «አለ፤ ስንት ሊትር?» «ለዲፈረንሻል ሦስት፣ ለካምቢዮ ሁለት።» ሻጩ ከአንድ በርሜል አምስት ሊትር ቀድቶ ጄሪካኑን ይከድናል፤ ገዢው ከፍሎ ይሄዳል። መኪናው ምን እንደሆነ የጠየቀ የለም። የዘይቱ ደረጃ ስንት እንደሆነ የተናገረም የለም። ያ ዘይት ግን በካምቢዮው እና ኃይሉን ለጎማዎቹ በሚያከፋፍለው ዲፈረንሻል ውስጥ፣ በርካታ ዓመት እንዲያገለግል በተሠራ ጥርስ መካከል ሊገባ ነው።

ስለዚህ ከዚሁ እንጀምር።

«ዘጠና ዘይት ሁሉ አንድ ነው»

አይደለም። ይህ ስህተት ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ዲፈረንሻል ይፈጃል።

90 የውፍረት ቁጥር ነው፤ ከዚያ ያለፈ ነገር አይናገርም። ኤስኤኢ በሚባለው የመሐንዲሶች ማኅበር መለኪያ መሠረት ዘይቱ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ውፍረቱ ከ13.5 እስከ 18.5 ሴንቲስቶክ (የውፍረት መለኪያ) ባለው መካከል ይሁን ማለት ነው። ጥርሱን ከመበላት የሚያድነው ኬሚካል ዘይቱ ውስጥ ይኑር አይኑር፣ ካለስ ምን ያህል እንደሆነ ከዚህ ቁጥር አይታወቅም። ያንን የሚናገረው ሌላ ምልክት ነው፦ ኤፒአይ (የአሜሪካ የነዳጅ ተቋም) ጂኤል-4 ወይም ጂኤል-5 ተብሎ ዕቃው ላይ የሚጻፈው የጥርስ ዘይት ደረጃ። 80ደብሊው-90 (80ደብሊው የብርድ ጊዜ ውፍረቱ ነው) ሆኖ ጂኤል-4 የሆነ ዘይት አለ፤ 80ደብሊው-90 ሆኖ ጂኤል-5 የሆነም አለ። ቢቀዱ፣ ቢነኩ፣ በጣት መካከል ቢታሹ ልዩነታቸው አይታወቅም።

ይህ ለዲፈረንሻል ለምን ወሳኝ ሆነ? የሃይሉክስ፣ የዲማክስ፣ የሬንጀር፣ ባጠቃላይ የፒክአፕ የኋላ ዲፈረንሻል ሃይፖይድ በሚባል የጥርስ አሠራር ነው የሚሠራው። ከካምቢዮ የመጣውን ኃይል የሚቀበለው ትንሹ ጥርስ፣ ማለትም ፒኞኑ፣ ወደ ትልቁ ኮሮና የሚገባው በመሃሉ ትይዩ ሳይሆን ዝቅ ብሎ ነው። ፓካርድ በ1926 በመኪኖቹ ላይ ካዋለው ወዲህ የተስፋፋው ይህ አሠራር ድምፁ ያነሰ፣ ጭነት የመሸከም አቅሙም የበዛ ነው። ዕዳው ግን አለ። ጥርስ ከጥርስ ሲገናኝ ተንከባሎ ብቻ አያልፍም፤ በርዝመቱ እየተፋተገ ይንሸራተታል። ደብል ጋቢና ፒክአፕ አንድ ቶን ጭኖ ዓባይ በረሃን ሲወጣ፣ በሁለቱ ጥርሶች መካከል ያለው ግፊት ዘይቱን ጨምቆ ያወጣዋል። ብረት ብረትን ይነካል።

ጂኤል-5 የተሠራው ለዚች ቅጽበት ነው። ውስጡ ያለው የሰልፈርና የፎስፈረስ ውህድ፣ ብረቱ በተፋተገበት ነጥብ ላይ ከሚፈጠረው ሙቀት የተነሣ ከብረቱ ጋር ተዋህዶ ስስ ሽፋን ይሠራል። የሚፋቀው ያ ሽፋን ነው፤ ተፍቆ ሲያልቅ እንደገና ይሠራል። ጂኤል-4 ውስጥም ይህ ውህድ አለ፤ መጠኑ ግን በግምት የጂኤል-5ን ግማሽ ነው። ለካምቢዮ ይበቃል፤ ጭነት ላለበት ሃይፖይድ አይበቃም። ጂኤል-1 የሚባለው ደግሞ ይህ ውህድ ጭራሽ የሌለበት ተራ ዘይት ነው። እሱም 90 ሆኖ ይሸጣል።

ጉዳቱ ባንድ ቀን አይመጣም፤ ሰውን የሚያሳስተውም ይኸው ነው። ጂኤል-4 የተሞላ ዲፈረንሻል በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምንም አይልም። ቀጥሎ የፒኞኑ ጥርስ ፊት ብሩህነቱን ያጣል፤ በጥፍር ሲዳሰስ የሚሻክር ቀጥ ያለ ጭረት ያወጣል። ከዚያ በ60 እና በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ እንደ ፉጨት የሚሰማ ጩኸት ይጀምራል። ጩኸቱ ከተሰማ በኋላ ጂኤል-5 ቢሞሉ የተፋቀው ብረት አይመለስም። ኮሮናና ፒኞን አብረው ተለክተው የተሠሩ ጥንድ ስለሆኑ አብረው ይቀየራሉ፤ ኩሽኔታዎቹም (ቤሪንጎቹ) ይከተላሉ። ለዚህ ሁሉ ወጪ መነሻው ሱቅ በር ላይ ያልተጠየቀ አንድ ጥያቄ ነው።

የተገላቢጦሹም አለ። «እንግዲያው ጂኤል-5 ከበለጠ ለካምቢዮውም እሱን እንሙላ» የሚሉ ሞልተዋል። ብዙ ካምቢዮዎች ውስጥ ማርሽ ሲቀየር ፍጥነቱን የሚያስማሙት የሲንክሮናይዘር ቀለበቶች ከነሐስ የተሠሩ ናቸው። ቀለበቱ ሥራውን የሚሠራው ለአፍታ ይዞ በማፈተግ ነው። የጂኤል-5 ውህድ ያን መያዣ ያንሸራትተዋል፤ በውስጡ ያለው ሰልፈርም በሙቀት ጊዜ መዳብ ያለበትን ብረት ሊበላ ይችላል። ውጤቱ ከሁለት ወደ ሦስት ሲገባ የሚያንገጫግጭ ማርሽ ነው። አንዳንድ አምራቾች ለካምቢዮም «ጂኤል-4 ወይም ጂኤል-5» ብለው ይፈቅዳሉ፤ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ከፈቀደ ችግር የለም። ካልፈቀደ ሁለት ጄሪካን ይገዛ።

ሱቅ ሲገቡ መባል ያለበት ይህ ነው፦ «ለዲፈረንሻል፣ ጂኤል-5፣ 80ደብሊው-90፣ በታሸገ ዕቃ።» ከተከፈተ በርሜል አይቀዳ። በርሜሉ ላይ የተጻፈው ውስጡ ካለው ጋር አንድ ለመሆኑ ማረጋገጫ የለም፤ ክዳኑ ተከፍቶ ያደረ በርሜል አቧራና እርጥበትም ይሰበስባል።

«ከሞተር ዘይት እጥፍ ይወፍራል፤ 90 እና 40 እኮ ነው»

ሁለቱ ቁጥሮች የተለያየ መለኪያ ናቸው። ኤስኤኢ 90 የሆነ የጥርስ ዘይት ውፍረቱ ከ40 እና ከ50 የሞተር ዘይት ጋር የሚቀራረብ ነው። «በውፍረት ከተቀራረቡ የሞተር ዘይት ይተካዋል» የሚለው ግን ከመጀመሪያው የባሰ ስህተት ነው፤ የሞተር ዘይት የጂኤል-5 ውህድ የለውም።

«ዲፈረንሻሉ ከጮኸ 140 ሙላበት»

ይህ መኪና ሊሸጥ ሲል የሚደረግ ነገር ነው፤ ጥገና አይደለም። ወፍራም ዘይት ድምፁን ለጥቂት ጊዜ ያፍነዋል። ጥርሱና ኩሽኔታው መበላታቸውን ይቀጥላሉ፤ ባለቤቱ ግን ማስጠንቀቂያውን አጥቷል።

ዘይት ከመቀየሩ በፊት ድምፁን መለየት ያስፈልጋል። ቤንዚን ወይም ናፍጣ ሲረገጥ ጮኾ ሲለቀቅ የሚጠፋ፣ ወይም ሲረገጥ ዝም ብሎ ሲለቀቅ የሚጮኽ ከሆነ፣ የኮሮናና የፒኞን ግንኙነት ላይ ችግር አለ። ረግጠውም ለቀውም ሳይለወጥ ከፍጥነት ጋር ብቻ የሚጨምር ጉምጉምታ አብዛኛውን ጊዜ የኩሽኔታ ነው። መሪ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ዘንበል ሲል ከተለወጠ የጎማ ኩሽኔታ ይፈተሽ። ማርሽ ሲገባ ወይም ሲነሣ አንዴ «ቋ» የሚል ከሆነ ከዲፈረንሻሉ በፊት ክሮቼራው (ከካምቢዮ ኃይል የሚያመጣው ዘንግ መጋጠሚያ) ይታይ። ከእነዚህ አንዱንም 140 አይጠግንም።

140 ቦታ የለውም ማለት ግን አይደለም። አፋር ወይም ሁመራ ቆላ ውስጥ ሁልጊዜ ሙሉ ጭነት ለሚሠራ መኪና፣ መመሪያው ለከፍተኛ ሙቀት 140 ወይም 85ደብሊው-140 ከፈቀደ ትክክል ነው። ደብረ ብርሃን ለሚያድር ፒክአፕ ግን ጥቅም የለውም። ዲፈረንሻል የዘይት ፓምፕ የለውም፤ ኮሮናው እየተሽከረከረ ዘይቱን ወደ ፊት ይረጨዋል፤ የፒኞኑ የፊት ኩሽኔታ የሚጠጣው ከዚያ ፍንጣሪ ነው። በብርድ የጠጠረ ዘይት ቶሎ አይደርስለትም።

በሌላው ጫፍ ደግሞ የሃይሉክስ ሬቮ መመሪያ 75ደብሊው-85 ጂኤል-5 ሲል «ይህማ ውኃ ነው» ብለው 140 የሚያስሞሉ አሉ። መኪናው ያን ዘይት ታስቦ ነው የተሠራው።

«ሊሚትድ ስሊፕ ዘይት ይበልጣል፤ ለሁሉም ይሞላ»

ሊሚትድ ስሊፕ (በአጭሩ ኤልኤስዲ) አንድ ጎማ ብቻውን በከንቱ እንዳይሽከረከር የሚገድብ ዲፈረንሻል ነው፤ ኤልኤስዲ የተጻፈበት ዘይት ለእሱ ብቻ የሚያስፈልግ መንሸራተቻ ውህድ ተጨምሮበታል። የዲፈረንሻሉ ፕሌቶች በዝግታ ሲታጠፍ እንዳይንቀጠቀጡ ያደርጋል። ተራ ዲፈረንሻል ካለዎት ገንዘብዎን ያወጣል እንጂ የሚጨምርለት ነገር የለም። ሊሚትድ ስሊፕ ላለው ግን ግዴታ ነው፤ ያለዚያ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሲታጠፍ ከኋላ ይንገጫገጫል።

የትኛው እንዳለዎት ካላወቁ፦ የፊት ጎማዎችን በድንጋይ ያስደግፉ፤ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች በክሪክ አንሥተው በማስቀመጫ ላይ ያሳርፉ፤ ካምቢዮውን ዜሮ ላይ አድርገው የእጅ ፍሬኑን ይልቀቁ። አንዱን ጎማ በእጅ ሲያዞሩ ሌላው በተቃራኒ አቅጣጫ ከዞረ ተራ ነው። በተመሳሳይ አቅጣጫ ከዞረ ሊሚትድ ስሊፕ ነው። ፕሌቱ ያለቀ ሊሚትድ ስሊፕ እንደ ተራ ሊዞር ስለሚችል አምራቹ በመኪናው ላይ በለጠፈው የመረጃ ሰሌዳ ላይ ያለው የአክስል (የኋላ ጎማዎች ዘንግ) ኮድም ይታይ። በስዊች የሚቆለፍ የኋላ ሎክ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ያለው ሃይሉክስ ተራ ጂኤል-5 ይበቃዋል።

«ካልፈሰሰ አይቀየርም»

ይቀየራል። በቀላል አገልግሎት በ40,000 ኪሎ ሜትር፣ ጭነት፣ ተጎታች፣ አቧራና ኮረኮንች ካለ በ20,000።

አቀያየሩ ላይም ብዙ ስህተት አለ። መኪናው 15 ደቂቃ ያህል ተነድቶ ይሙቅ፤ ደልዳላ ቦታ ይቁም። ከሁሉ በፊት የሚፈታው የላይኛው የመሙያ ቡሎን ነው። ታችኛውን አፍስሰው ላይኛው አልፈታ ካለ መኪናው ያለ ዘይት እዚያው ቆሞ ይቀራል። በሃይሉክስ የኋላ ዲፈረንሻል ሁለቱም በ24 ቁልፍ ይፈታሉ።

የማፍሰሻው ቡሎን ጫፍ ማግኔት ካለው በጨርቅ ከመጠረጉ በፊት በደንብ ይታይ። ጥቁር ግራጫ ሆኖ እንደ ግሪስ የለሰለሰ፣ በጣት ሲታሽ የማይሻክር ደቃቅ ብናኝ የተለመደ መበላት ነው። የሚያብለጨልጭ ስንጣሪ፣ ከዚያም በላይ የጥርስ ጫፍ የሚመስል ቁራጭ ካለ፣ ዘይት መሙላቱ ቀርቶ ዲፈረንሻሉ ይከፈት። ዘይቱ ወተት የገባበት ሻይ መስሎ ከወረደ ውኃ ገብቶበታል።

ቡሎኑ አዲስ ዋሸር ተደርጎለት በ49 ኒውተን ሜትር ይጠበቅ፤ ቁልፉን በረጅም ቱቦ አስረዝሞ ማጥበቅ የቡሎኑን መግቢያ ጥርስ ይገፍፋል። አዲሱ ዘይት በእጅ ፓምፕ ይገባል። የኋላው እንደ ሞዴሉ ከ2 እስከ 4 ሊትር ይወስዳል፤ የፊቱ ከ2 ሊትር በታች ነው። የሚታመነው ግን ቀዳዳው ነው። ዘይቱ እስከ መሙያው ቀዳዳ የታችኛው ጠርዝ ሲደርስ በቃ፤ ቢጎድል ከ5 ሚሊ ሜትር አይበልጥ።

በአጭሩ የሚመለሱ

«ከጠርዙ በላይ ትርፍ ቢሞላ ይጠቅማል»፦ ትርፉ እየተመታ አረፋ ይሆናል፤ ግፊት ፈጥሮም በ«ኦይል ሲል» (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው የጎማ ቀለበት) በኩል ይወጣል።

«ክፉ ሽታ ካለው ተበላሽቷል»፦ አዲስ ጂኤል-5 ገና ሲከፈት ይሸታል፤ የሰልፈሩ ሽታ ነው።

«የተለያየ ብራንድ ከተቀላቀለ ይረጋል»፦ ሁለቱም ጂኤል-5 ከሆኑ መንገድ ላይ ለማሟላት ይቻላል። ልማድ ግን አይሁን።

«ሲንቴቲክ ዘይት ኦይል ሲልን ይበላል»፦ ዛሬ ለሚሸጡት አይሠራም። ያረጀ ሲል በማንኛውም ዘይት ያፈሳል።

«የኋላ ጎማ በኩል ካፈሰሰ ኦይል ሲሉን ቀይር»

ሲሉ ተቀይሮ በሁለተኛው ወር እንደገና የሚያፈስበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ መተንፈሻው ነው። በአክስሉ ላይ ትንሽ ክዳን ያላት መተንፈሻ አለች፤ በጭቃና በአቧራ ትደፈናለች። ዲፈረንሻሉ ሲሞቅ የውስጡ አየር መውጫ ያጣል፤ ዘይቱን በሲሉ በኩል ገፍቶ የፍሬን ሸራው ላይ ያፈሰዋል። ከዚያ አንድ ጎማ አይይዝም። ክዳኗ በጣት ስትሽከረከር ነፃ ሆና መዞር አለባት፤ ካልዞረች ትታጠብ ወይም ትቀየር።

ክረምት ላይ ወንዝ የሚያቋርጥ ፒክአፕ ደግሞ በተቃራኒው ይጎዳል። የጋለ አክስል ቀዝቃዛ ውኃ ሲገባ የውስጡ አየር ይኮማተርና ውኃውን በሲሉና በመተንፈሻው ይስባል። ውኃው እስከ አክስሉ የደረሰበት መኪና ከተሻገረ በኋላ፣ 20,000 ሳይጠብቅ በዚያው ሳምንት የመሙያው ቡሎን ተፈቶ ዘይቱ በጣት ይታይ። ነጣ ካለ ያን ቀን ይቀየር፤ 200 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ አንዴ እንደገና ይቀየር፤ በመጀመሪያው ዙር ጥጋጥጉ ላይ የቀረው ውኃ የሚወጣው ያኔ ነው።