ሞኔ የሣላቸው የዢቨርኒ ማሳዎችና ኩሬ

ዢቨርኒ በፈረንሳይ ኖርማንዲ የምትገኝ ትንሽ የገጠር መንደር ናት። ከፓሪስ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ስሟን ያስጠራት ሠዓሊው ክሎድ ሞኔ ነው። ከ1883 ጀምሮ በ1926 እስኪሞት ድረስ እዚያው ኖሯል (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሰው እጅ ያልነካው ተፈጥሮ ፍለጋ ወደ ሥዕሎቹ የሚሄድ ግን ብዙም አያገኝም። ሞኔ እዚያ የሣለው በአብዛኛው ሰው ያረሰውን፣ የተከለውን ወይም የከመረውን ነው።

ከሁሉም የሚታወቀው ክምሩ ነው። የአካባቢው ገበሬ እህሉን አጭዶ ነዶውን እዚያው ማሳው ላይ ይከምራል። አናቱንም ዝናብ እንዳያስገባ በገለባ ይከድነዋል። መውቂያ ማሽኑ ከመንደር መንደር ስለሚዞር ተራ እስኪደርስ ወራት ይፈጃል። አንዳንዱ ክምር የበረዶውን ወቅት እዚያው ቆሞ ያሳልፋል። ሞኔም ይህን ጊዜ ተጠቀመበት። ከ1890 አዝመራ በኋላ ብዙ ሸራ ይዞ ማሳ ወረደ። ፀሐይ ፈቀቅ ስትል አንዱን ሸራ ያነሳና ሌላውን ይተካል። በማግስቱ ያው ብርሃን ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። እንዲህ እያለ 25 ያህል ሥዕል ወጣው። ከመካከላቸው 15ቱ በግንቦት 1891 በዱራን ሩኤል ጋለሪ ፓሪስ ላይ ታዩ፤ ወዲያው ተሸጡ።

በበረዶ የተሣሉትን ጠጋ ብሎ ማየት ደስ ይላል። ጥላው ጥቁር አይደለም፤ ሰማያዊና ሐምራዊ ነው። ፀሐይ ከኋላ ስትመታው የክምሩ ጠርዝ እንደ ፍም ይቀላል። እውነቱን ለመናገር፣ ጎጃም ወይም አድአ ያደገ ሰው ክምር ሲያይ ቀድሞ የሚያሳስበው ዝናብና እሳት ነው እንጂ ቀለሙ አይደለም። የዢቨርኒ ገበሬም ከዚህ የተለየ ሐሳብ የነበረው አይመስለኝም።

ችግሩ ማሳው የሌላ ሰው መሆኑ ነው። ገበሬው ሲወቃ ክምሩ የለም፤ ሥዕሉም ያበቃል። በ1891 ሞኔ በኤፕት ወንዝ ዳር በተርታ የተተከሉ የፖፕላር ዛፎችን ጀምሮ ሳለ ዛፎቹ ለጨረታ ቀረቡ። ከአንድ እንጨት ነጋዴ ጋር ተስማምቶ ከኪሱ ገንዘብ ጨመረ፤ ሥዕሉን እስኪጨርስ ዛፎቹ ሳይቆረጡ ቆዩለት።

በመጨረሻ የራሱን መልክዓ ምድር ሠራ። ተከራይቶት የነበረውን ቤት በ1890 ገዛ። በ1893 ደግሞ ከቤቱ ማዶ ያለውን ቦታ ገዝቶ ኩሬ ለመቆፈር ፈቃድ ጠየቀ። ጎረቤቶቹ አልወደዱለትም። ይህ ሰው የሚያመጣው ባዕድ ተክል ውሃችንን ይበክልብናል ብለው ተቃወሙ። ፈቃዱ የተገኘው ከብዙ ክርክር በኋላ ነው። ኩሬው ላይ የጃፓን ዓይነት የእንጨት ድልድይ ተሠራ፣ ዳሩ ላይ አኻያ ተተከለ። ውሃው ላይ የተንሳፈፉት ሮዝና ቢጫ የውሃ አበቦችም ዱር የበቀሉ አልነበሩም፤ ላቱር ማርሊያክ የተባለ ፈረንሳዊ አዳቅሎ ያወጣቸው ዝርያዎች ናቸው።

ሞኔ በርካታ አትክልተኞች ቀጥሮ ነበር። የአንዱ ሥራ ኩሬው ብቻ ነው። በጀልባ እየዞረ የደረቀውን አበባ ይለቅማል፣ ቅጠሉን ከአቧራ ያጸዳል። የመንገዱ አቧራ ቅጠሎቹን ስላስቸገረ ሞኔ መንገዱ ሬንጅ እንዲለብስ ራሱ ከፈለ። ከዚህ ኩሬ 250 ያህል ሥዕሎች ወጥተዋል። እኔ አትክልተኛውንም ከሥዕሎቹ ሠሪዎች እቆጥረዋለሁ። ሞኔ በስተርጅና ዓይኑን የሞራ ግርዶሽ ጋርዶት፣ በ1923 ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል፤ ያም ሆኖ መሣሉን አልተወም። ግዙፎቹ የውሃ አበባ ሥዕሎች ከሞተ በኋላ በ1927 ፓሪስ በሚገኘው ኦራንዤሪ ሙዚየም ለሕዝብ ክፍት ሆኑ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቦታው ተረስቶ ኩሬው ተበላሸ፣ ድልድዩም በሰበሰ። በ1977 ዤራልድ ቫን ደር ኬምፕ እድሳቱን እንዲመራ ተሾመ፤ በ1980 በሩ ተከፈተ። ዛሬ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ይጎበኛል። ቤቱንና ኩሬውን የሚለየውን መንገድ ጎብኚ የሚያቋርጠው በመሬት ውስጥ መተላለፊያ ነው። ሰው ስለሚበዛ ጠዋት በጊዜ መድረስ ይሻላል። ክምር አያለሁ ብሎ የሚሄድ ግን አይድከም፤ ኮምባይነር እያጨደ እዚያው ስለሚወቃ ማሳው ላይ የሚከመር ነዶ ቀርቷል።