ለዴስክቶፕ ኮምፒውተር የመጀመሪያውን የውሃ ማቀዝቀዣ ማቀድ

ከስተም ሉፕ የሚባለው ባለቤቱ ራሱ ዕቃ በዕቃ መርጦ የሚገጣጥመው የኮምፒውተር የውሃ ማቀዝቀዣ ነው። ፋብሪካ ሞልቶ አሽጎ ከሚሸጠው ኤአይኦ የሚለየው ብሎኩ፣ ፓምፑ፣ ራዲያተሩ፣ ማጠራቀሚያው፣ ቱቦውና ቱቦውን ከዕቃዎቹ ጋር የሚያገናኘው ፊቲንግ እያንዳንዳቸው ለብቻ የሚገዙ፣ የሚፈቱና የሚለወጡ በመሆናቸው ነው። አሠራሩ መኪና ለነዳ ሰው እንግዳ አይሆንም። ፓምፑ ውሃውን ይገፋል፤ ውሃው በፕሮሰሰሩና በግራፊክስ ካርዱ ላይ በተገጠሙት ብሎኮች ውስጥ ሲያልፍ ሙቀት ይወስዳል፤ ሙቀቱን ራዲያተሩ ላይ ለአየር አስረክቦ ይመለሳል።

ጀማሪ በብዛት የሚዘነጋው ሙቀቱን በመጨረሻ የሚያስወጣው አየር መሆኑን ነው። አንድ ሊትር ውሃ ከአንድ ሊትር አየር ከ3,000 እጥፍ በላይ ሙቀት ስለሚሸከም ሙቀቱን ከጠባቧ ቺፕ አንስቶ ወደ ሰፊው ራዲያተር ለማድረስ ተወዳዳሪ የለውም። ከክፍሉ አየር በታች ግን ሊቀዘቅዝ አይችልም። ስለዚህ የዕቅዱ እምብርት ራዲያተሩ ነው። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያፈሰው ግን በሚያበሩ ብሎኮችና በባለቀለም ፈሳሽ ላይ ነው።

ስሌቱን በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። አርቲኤክስ 4090 ግራፊክስ ካርድ እስከ 450 ዋት ይወስዳል፤ ራይዘን 7 7800ኤክስ3ዲ ፕሮሰሰር ደግሞ 120 ዋት ተብሎ ተመድቧል። ድምሩ 570 ዋት ነው። በዚህ ሥራ የቆዩ ሰዎች መካከለኛ ፍጥነት ያለው አንድ ባለ120 ሚሊ ሜትር ፋን የሚሸፍነው የራዲያተር ክፍል፣ ውሃው ከክፍሉ አየር 10 ዲግሪ ያህል ሞቆ እያለ፣ በግምት 100 ዋት ያስወጣል ብለው ይነሳሉ። ይህ እንደ ራዲያተሩ ውፍረትና እንደ ፋኑ ፍጥነት ከፍ ዝቅ የሚል ግምት ነው። በዚህ ሒሳብ ለምሳሌያችን ስድስት ክፍል፣ ማለትም እያንዳንዳቸው ሦስት ፋን የሚይዙ ሁለት ባለ360 ራዲያተር ያስፈልጋል። አንድ ባለ360 ብቻ ቢገጠምም ማሽኑ ይሠራል፤ ግን ፋኖቹ መጮህ ይጀምራሉ፣ ጸጥታ ፈልጎ ለተነሳ ሰውም ድካሙ ከንቱ ይሆናል።

የቦታ ከፍታም ሒሳብ ውስጥ ይገባል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው አዲስ አበባ አየሩ ከባሕር ዳርቻ ከተማ አየር በሩብ ያህል ይሳሳል። ያው ፋን በያው ፍጥነት ሲዞር የሚያነሳው ሙቀትም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የከተማዋ ቀዝቀዝ ያለ አየር ጉድለቱን በከፊል ይክሳል፤ ቢሆንም አንድ የራዲያተር ክፍል መጨመር አይከፋም። ድሬዳዋ ወይም ኤሲ በሌለው የዱባይ ክፍል ውስጥ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው፤ ክፍሉ 38 ዲግሪ ከሆነ ውሃው በቀላሉ 48 ይደርሳል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ኬዙን በሜትር መለካት ነው። ቀጭኑ ራዲያተር ወደ 30 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፤ መደበኛ ፋን 25 ሚሊ ሜትር ነው። ከኬዙ ጣሪያ ሥር የሚሰቀል ጥንድ እንግዲህ ቢያንስ 55 ሚሊ ሜትር ወደ ታች ይወርዳል። እዚያ ደግሞ ረጃጅም ራሞችና የማዘርቦርዱ የሙቀት መበተኛዎች ይጠብቁታል። የኬዙ አምራች «ባለ360 ይገባል» ብሎ ሲጽፍ ርዝመቱን እንጂ ውፍረቱን ላያስብ ይችላል። በራዲያተሩ ጫፍና ጫፍ ያሉት የውሃ መመለሻ ሳጥኖችም ርዝመቱን ከ360 በላይ ስለሚያደርሱት፣ 395 ወይም 400 ሚሊ ሜትር የሚሆን ሞዴል ብርቅ አይደለም። ወረቀት ላይ በልኩ ስሎ፣ ካርቶን ቆርጦ ኬዙ ውስጥ ማስቀመጥ የማይረባ የሚመስል ግን ብዙ ወጪ የሚያድን ሥራ ነው።

የግራፊክስ ካርድ ብሎክ ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሁለት ካርዶች አንድ ዓይነት ቺፕ ቢይዙም አምራቾቻቸው ከተለያዩ የቦርዱ አቀማመጥ ሊለያይ ስለሚችል፣ ብሎኩ የሚመረጠው በካርዱ ሙሉ የሞዴል ስም ነው። ካርድ ገና ያልገዛ ሰው ብሎክ የተሠራለትን ካርድ ቢገዛ ይሻለዋል። ከብሎኩ ጋር የሚመጡት የሙቀት ማስተላለፊያ ፓዶች ውፍረታቸው በመመሪያው እንደተጻፈው መሆን አለበት። 1 ሚሊ ሜትር በሚያስፈልግበት ቦታ 1.5 ከተቀመጠ ብሎኩ ከዋናው ቺፕ ላይ በጥቂቱ ይነሳና ካርዱ ከቀድሞው ማቀዝቀዣው ይብስ ይሞቃል። ካርዱን መክፈት ዋስትናውን ያሳጣው እንደሆነም አስቀድሞ ማንበብ ይገባል። ፕሮሰሰር ብቻ ለማቀዝቀዝ ከስተም ሉፕ መሥራት ግን፣ በእኔ ግምት፣ ጥሩ የአየር ማቀዝቀዣ እያለ ገንዘብ መጣል ነው። ውሃ ዋጋውን የሚያስገኘው ግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው።

በኮምፒውተር ውስጥ ውሃ ማዞር የዛሬ ፈሊጥ አይደለም። አይቢኤም በ1980 ያስተዋወቀው 3081 ዋና ኮምፒውተር በቀዘቀዘ ውሃ ይሠራ ነበር። የ1985ቱ ክሬይ-2 ደግሞ ክፍሎቹ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ፈሳሽ ውስጥ ይዘፈቁ ነበር። በቤት ኮምፒውተር ላይ የሞከሩት የ1990ዎቹ መጨረሻ አፍቃሪዎች የመኪና ማሞቂያ ራዲያተርና የዓሣ ገንዳ ፓምፕ ነበር የሚያገጣጥሙት። አፕል ራሱ በ2004 ባወጣው ባለ2.5 ጊጋኸርዝ ፓወር ማክ ጂ5 ውስጥ ውሃ አስገብቶ ነበር፤ ከጊዜ በኋላ ከእነዚህ ማሽኖች አንዳንዶቹ ማፍሰሳቸው ይታወሳል።

የብረቶቹ ጉዳይ ብዙ ሉፕ አበላሽቷል። መዳብ፣ ናስና ኒኬል የተለበጠ መዳብ አብረው ይኖራሉ። አሉሚኒየም ግን በአንድ ውሃ ውስጥ ከመዳብ ጋር ሲገናኝ ሁለቱ እንደ ባትሪ ይሆኑና አሉሚኒየሙ ይበላል፤ ውሃው ይደፈርሳል፣ ጠባቦቹ የብሎክ መስመሮች በዝቃጭ ይዘጋሉ። ርካሽ ራዲያተር ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ሲሸጥ መዳብ ይሁን አሉሚኒየም በዓይን አይለይም። የኤአይኦ ራዲያተሮች በአብዛኛው አሉሚኒየም ስለሆኑ ከአሮጌ ኤአይኦ ራዲያተር ፈትቶ መጠቀም የሚያዋጣ ቁጠባ አይደለም።

በፓምፕ በኩል ገበያውን ለዓመታት የያዙት ዲ5 እና ዲዲሲ የሚባሉት ሁለት ዓይነቶች ናቸው። ዲዲሲ ትንሽና ግፊቱ ጠንከር ያለ ነው፤ ዲ5 ደግሞ ገዘፍ ያለና በዝግታ ሲዞር ጸጥተኛ ስለሆነ ለጀማሪ እሱን እመርጣለሁ። የትኛውም ፓምፕ ያለ ውሃ መዞር የለበትም፤ የውስጡን መሽከርከሪያ የሚያለሰልሰው ውሃው ነውና። ስለዚህ ማጠራቀሚያው ከፓምፑ በፊትና ከፍ ብሎ ይቀመጣል። በቅደም ተከተል በኩል ከዚህ ሌላ የሚያስጨንቅ ሕግ የለም። ውሃው በደቂቃ 3 ሊትር ከዞረ 570 ዋት የሚጨምርበት ሙቀት ከ3 ዲግሪ በታች ስለሆነ፣ ፕሮሰሰሩ ቀድሞ ካርዱ ቢከተል ወይም ቢገላበጥ ልዩነቱ አይታይም። ቱቦው አጭር የሚሆንበትን መንገድ መምረጥ ይበቃል።

ቱቦ ተጣጣፊ ወይም ጠንካራ ነው። በፎቶ ላይ የሚያምሩት ቀጥ ብለው የታጠፉት ጠንካራ ቱቦዎች ከአክሪሊክ ወይም ከፔትጂ ፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው። ለማጠፍ ውስጣቸው የሲሊኮን ገመድ ተከቶ በሙቅ አየር መንፊያ ይሞቃሉ። የተቆረጠው ጫፍ በደንብ ካልተሞረደ ስለቱ ፊቲንጉ ውስጥ ያለውን ኦሪንግ የሚባል የጎማ ቀለበት ይልጠዋል፤ ብዙ ፍሳሽ የሚጀምረው ከዚያች ጭረት ነው። ፔትጂ ውሃው 60 ዲግሪን ሲያልፍ መለስለስ ሊጀምር ይችላል። ለመጀመሪያ ሥራ ውስጡ 10፣ ውጩ 16 ሚሊ ሜትር የሆነ ተጣጣፊ ቱቦ ይሻላል፤ በመቀስ ይቆረጣል፣ ስህተትም ይቅር ይላል። ፊቲንጎች በአብዛኛው ጂ1/4 በሚባለው ጥርስ ይታሰራሉ። ውሃውን የሚይዘው ኦሪንጉ እንጂ ጥርሱ ስላልሆነ በእጅ ጠበቅ ማድረግ በቂ ነው፤ በቁልፍ ሲታሰር አክሪሊክ ብሎክ ይሰነጠቃል። ፊቲንግ ሲደመር ከተገመተው በላይ ገንዘብ ስለሚበላ ከመጀመሪያው ተቆጥሮ ይመዝገብ።

ፈሳሹ ዲስቲልድ ውሃ ሆኖ ዝገት መከላከያና የአልጌ መግደያ ይጨመርበታል፤ ተዘጋጅቶ የሚሸጥም አለ። የቧንቧ ውሃ ማዕድን ስላለው ንጣፍ ይሠራል። ወተት መሰል ባለቀለም ፈሳሾች ቅንጣታቸው ስለሚዘቅጥ ለኤግዚቢሽን እንጂ ለዕለት ሥራ አይሆኑም። ዲስቲልድ ውሃ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ቢፈስም አይጎዳም የሚለው እምነት ደግሞ አደገኛ ነው። ብረትና አቧራ ሲነካ ወዲያው ማስተላለፍ ይጀምራል። አዲስ ራዲያተር ከብየዳ የተረፈ ቆሻሻ ስለሚይዝ ከመገጠሙ በፊት በሞቀ ውሃ ደጋግሞ ይታጠብ፣ በመጨረሻም በዲስቲልድ ውሃ ይለቅለቅ።

ተገጥሞ ሲያልቅ መጀመሪያ በትንሽ የእጅ ፓምፕ ግማሽ ባር ገደማ አየር ሞልቶ የግፊት መለኪያው መርፌ ይወርድ እንደሆነ መጠበቅ ከሁሉ የሚቀል ፍተሻ ነው። ቀጥሎ ውሃ ይሞላል። በዚህ ጊዜ የማዘርቦርዱና የካርዱ የኃይል ገመዶች ተነቅለው፣ በፓወር ሰፕላዩ ባለ24 ፒን መሰኪያ ላይ ማስጀመሪያ ማገናኛ ተሰክቶ፣ ፓምፑ ብቻ ይነሳል። በየፊቲንጉ ሥር ሶፍት ይነጠፋል፤ ውሃው በጎደለ ቁጥር ፓምፑ እየጠፋ ይጨመራል፤ ኬዙ ወደ ግራና ቀኝ እየዘመመ የታሰረው አየር እንዲወጣ ይደረጋል። ብዙዎች እንደዚሁ 24 ሰዓት ያስኬዱታል።

ዕቅዱ ላይ ከሚረሱት ሁሉ የሚያስቆጨው የማፍሰሻ ቧንቧ ነው። በሉፑ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ባለሦስት አፍ ፊቲንግና ትንሽ መዝጊያ ቫልቭ ካልተገጠመ፣ ውሃ ለመለወጥ ወይም አንድ ራም ለመቀየር ኬዙን ገልብጦ ባልዲ ላይ መዘቅዘቅ ግድ ይሆናል። ግልጽ ፈሳሽ ያለው ሉፕ በዓመት አንድ ጊዜ ገደማ ስለሚለወጥ፣ ቫልቩ ኬዙ ሳይፈታ እጅ የሚገባበት ቦታ ላይ ይሁን፤ ከሥሩም ማንቆርቆሪያ ወይም ጆግ የሚቀመጥበት ክፍተት ይተው።